እሬት ላኩልኝ ያልሁ ጊዜ

በ2009 ዓ.ም.፣ ጤፍ በሚታጨድበት ወቅት፣ ከአዳማ ከቤቴ ወሰዱኝ። የስምንት ወር ልጄ ተኝታ ነበር። ትነቃለች ብዬ ፈርቼ ሳልስማት ወጣሁ። ቀድሞ በታሰረው ወንድሜ ስልክ ውስጥ የእኔን ቁጥር ደጋግመው አግኝተውት ነበር። የእህት ቁጥር ሌላ የት ይገኛል?

ያስገቡኝ መጋዘን የማዳበሪያ ሽታ ነበረው። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፤ ላቡ በጡቴ ሥር ይወርዳል። ኃላፊው ልጄን በየጠዋቱ እንዳጠባት ፈቀደልኝ። ለዚህ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ልጄን ከምታመጣት ከእናቴ ጋር መነጋገር ግን አይቻልም፤ ልጅቷን ከውጭ በር ተቀብሎ የሚያመጣልኝ ዘቡ ነበር።

በሳምንቱ የግራ ጡቴ ጫፍ ተሰነጠቀ፤ ዙሪያው ቀልቶ አበጠ። ልጄ ስትይዘው ጥርሴን እነክሳለሁ። አጠገቤ የሚተኙት ከአቦምሳ የመጡ አሮጊት ነበሩ፤ በልጃቸው ምክንያት ነው የታሰሩት። እሳቸው በአንዱ ጥግ ይሰግዳሉ፣ እኔ በሌላው ዳዊቴን በቃሌ እደግማለሁ። ነጠላዬን ገለጥ አድርገው አዩና፣ «አርጊሳ ብናገኝ በሦስት ቀን ይድን ነበር» አሉኝ። አርጊሳ የሚሉት እሬትን ነው።

የዚያን ቀን ከመካከላችን አንዷ ተፈታች። እናቴ እሬት እንድትልክልኝ ንገሪልኝ አልኋት። ቃል አላበዛም፤ ሌላ አልጨመርሁም።

በማግስቱ ሁለት ወፋፍራም ቅጠል በፌስታል ከስንቁ ጋር ገባ። ልጄ ግን አልመጣችም።

አሮጊቷ ቅጠሉን በጣሳ ክዳን ቆረጡትና፣ የተቆረጠውን ጎን ወደ ታች አድርገው ከመስኮቱ ሽቦ ላይ አንጠለጠሉት። ቢጫው ፈሳሽ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ አላስነኩኝም።

«ይኼ ያቃጥላል። መድኃኒቱ ውስጡ ያለው ነጩ ነው።»

ከዚያ ልጣጩን ገፈው፣ ውሃ የመሰለውን ሥጋውን ቀቡኝ። ቀዘቀዘኝ። ከገባሁ ጀምሮ ሰውነቴ ያረፈው ያን ጊዜ ነው።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ልጄ አልመጣችም። ቁስሉ እየደረቀ ነበር፤ ወተቴም እየሸሸ። ታማብኝ ይሆናል ብዬ ለአሮጊቷ ነገርኋቸው።

«እሬቱን ምን ብለሽ ነው ያስላክሽው?»

«እሬት ብቻ።»

«ለቁስል አላልሽም?»

«አላልሁም፣ እማማ።»

አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ያን ጊዜ ለእኔም ገባኝ። በእኛ ዘንድ የምታጠባ ሴት እሬት ከፈለገች፣ ጡቷን ቀብታ ልጇን ጡት ልታስጥል ነው። እናቴ ልጅቷን በላም ወተት ልታለምዳት ይዛለች ማለት ነው።

ሳቃቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ከቆየች ጡቱን ትረሳዋለች።»

ዘቡን ምንም ለምኜው አላውቅም ነበር። እናቴ የእራት ስንቅ ይዛ በምትመጣበት ሰዓት ጠራሁት።

«ወንድሜ፣ እሬቱ ለቁስል ነው፣ ልጄን አላስጣልኋትም በልልኝ።»

መሬት መሬት እያየ፣ «እኔንም በእሬት ነው ያስጣሉኝ አሉ» ብሎ ሄደ።

አሁን ልጄ ትምህርት ቤት ናት። በደጄ በተሰነጠቀ ባልዲ እሬት ተክያለሁ። ዘይት ያቃጠላት ጎረቤት ስትመጣ ቅጠሉን አንጠልጥዬ፣ ቢጫው እስኪወርድ አስጠብቃታለሁ። አሮጊቷን እኔ ከመፈታቴ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ በጸሎቴ አነሣቸዋለሁ። መናገሩ ያሳፍረኛል እንጂ፣ አንዳንዴ ያ ጥግ ይናፍቀኛል።

ያን ጊዜ፣ ዘቡን በለመንሁት በማግስቱ ጠዋት፣ ልጄን አቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ጡቴ ላይ እሬቱ ነበር፤ ነጩም ቢሆን ትንሽ ይመራል። በቀን የሚደርሰን አንድ አንድ ጆግ ውሃ ነው፣ የእኔ አልቋል። አሮጊቷ ለቀትር ስግደታቸው ውዱ ሊያደርጉበት፣ እጅ እግራቸውን ሊታጠቡበት ያስቀመጡትን ውሃ አነሡና «ታጠቢ» አሉኝ። እምቢ አልሁ።

«ታጠቢ። ውሃ ሲጠፋ አላህ በአፈርም ይቀበላል።»

ታጠብሁ። የታመመውን ጡት አስቀድሜ ሰጠኋት። ቀመሰችና ተወችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ያዘችው።

ማታ ውሃ ሲታደል፣ ጆጌን ሳልቀምስ የማግስቱ ቀትር እስኪሆን ጠበቅሁ። ከዚያም ለውዱ በአሮጊቷ እጅ ላይ አፈሰስሁላቸው።