ሐይቋ ዳር የተጠየቅሁት ስም

«ስሟን ሳትይዝ ውኃውን ለማን ልታስቀዳ መጣህ?» አሉኝ አባ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ጮቄ ተራራ አናት ላይ ያለችው ሐይቅ ዳር።

እናቴ ቢቸና ናት። በየዓመቱ እየወጣች ከሐይቋ ጠበል የምታስቀዳው ራሷ ነበረች። ዘንድሮ ጉልበቷን ስላመማት ባዶ ሃይላንድ አስይዛ እኔን ላከችኝ።

እዚያ ደንብ አለ። ጫማ ይወልቃል። ከዚያ ሐይቋን የሚጠብቁት ሽማግሌ አባ በታማሚው የክርስትና ስም ጸልየው ይቀዱልሃል። እኔ የዓለም ስሟን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሁለት ስልክና የሦስት ኢሜይል ፓስወርድ በቃሌ አውቃለሁ። ይሄን ግን አላውቅም።

በሞተር ያመጣኝ የሞጣው ጓደኛዬ ሰይድ «ደግነቱ የእኔ እናት ያላት አንድ ስም ነው» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሐይቋ ዳር ኔትወርክ የለም። በባዶ እግሬ ጉብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»



«ወለተ ኪዳን። ምነው?»

«አባ ጠይቀውኝ ነው።»

«እኔማ አንተ የጠየቅኸኝ መስሎኝ» አለች። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ፣ አላወቅሁም።

እንዳይጠፋኝ ስሟን እየደጋገምኩ ወረድኩ። አባ ጸለዩ፣ ሃይላንዱም ሞላ። አሁን በሚኒባስ ቢቸና ልገባ ነው፤ ሃይላንዱን ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ።

እናንተስ የእናታችሁን የክርስትና ስም ታውቃላችሁ? ከሥር ጻፉልኝ። ደውሎ መጠየቅ አይቻልም።