የሰኞ ከሰዓቱ ዋና

ባለፈው ሳምንት ኢየሩሳሌም ውስጥ ከሃነቪኢም ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና መታጠፊያ አጠገብ አውቶቡስ ስጠብቅ ሦስት ልጃገረዶች እየተሳሳቁ መጡ። መካከለኛዋ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበረች። የሁሉም ፀጉር እርጥብ ነው፤ ባለወንበሯ የዋና መነጽሯን እንኳ ከአንገቷ አላወለቀችም። የተቆራረጠ ሐብሐብ እየተቀባበሉ ይበላሉ። አንዷ ፍሬውን ወንበሩ ላይ ተፋችና ባለወንበሯ በውሸት ስትቆጣት ሳቃቸው መንገዱን ሞላው። ሲያልፉኝ የክሎሪን ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ዞሬ እስኪርቁ ድረስ በዓይኔ ተከተልኳቸው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም የመዋኛ ገንዳ ሽታ ወደ ኋላ ይመልሰኛል።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ሳለን፣ ገና ድክ ድክ ስል ፖሊዮ ግራ እግሬን ስለያዘው በክራንች ነው የምሄደው። ኢየሩሳሌም ከገባን ጥቂት ዓመት ሆኖን፣ ቂርያት ሃዮቨል የሚባል ሰፈር ውስጥ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ላይ እንኖር ነበር። ትምህርት ቤት ብርቄ የሚለውን ስሜን ትተው በዕብራይስጥ ያፋ ይሉኛል። ቲዩል የሚሉት የክፍል ሽርሽር ሲደርስ ግን በየትኛውም ስም የሚጠራኝ አልነበረም። መምህራኑ ክፉዎች ሆነው አይደለም። «ይከብድሻል» ይሉኛል፤ እናቴም «እውነታቸውን ነው» ትላለች። በማግስቱ ጓደኞቼ ጫማቸው ላይ የደረቀ ጭቃ ይዘው ሲመጡ፣ ወሬውን እንደ ሩቅ አገር ዜና ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ የእኛ ሰዎች በልማድ «ክረምት ገባ» በሚሉበትና እዚህ ግን ድንጋዩ በሚግልበት ወር፣ በሰፈራችን ገንዳ ሰኞ ከሰዓት የሴቶች ዋና ተጀመረ። አካል ጉዳት ያለባትም የሌለባትም አንድ ላይ የምትዋኝበት ነበር። አስተማሪዋ ኦርና የምትባል፣ ድምፀ ጎርናና ወፍራም ሴት ነች። ስለ እኔ ከጎረቤት ሰምታ ቤታችን ድረስ መጣች። እናቴ ልጣጩ የተገፈፈ በለስ አቀረበችላት፤ እኔ መካከላቸው ተቀምጬ አስተረጉማለሁ።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ውሃ ውስጥ እግርሽ አይከብድሽም ትላለች።»

«ታናሽ እህቴ ሁለት ደህና እግር ነበራት። ይህንን ንገሪልኝ።»

አለሚቱ የምትባል አክስቴ ልጅ ሳለች ልብስ ልታጥብ ወርዳ ድንገት የሞላ ወንዝ ወስዷታል። እናቴ ዳር ላይ ቆማ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ስሟን ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም፤ «ታናሽ እህቴ» ነው የምትለው። ለኦርና ነገርኳት። ኦርና እጇ ላይ የያዘችውን በለስ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና «እናትሽም ትምጣ፤ ዳር ላይ ሆና ትይሽ» አለች።

ልመናዬ በዛ። በመጨረሻ እናቴ «ከዓይኔ ካልራቅሽ እሺ» አለች።

ሰኞ ደረሰ። እናቴ የምትፈራው ውሃውን ነው፤ እኔ የምፈራው ሌላ ነበር። ከሐኪምና ከቤተሰብ በቀር ግራ እግሬን ያየው ሰው አልነበረም። እንደ ክንዴ የቀጠነ ነው፤ ሁልጊዜ ረጅም ቀሚስ ነው የምለብሰው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የዋና ልብሱን ለብሼ፣ ፎጣዬን በእግሬ ላይ ጠቅልዬ፣ መውጣት አቅቶኝ ተቀመጥኩ። ከመጋረጃው ማዶ የሴት ድምፅ መጣ።

«አዲሷ ልጅ፣ ያፋ አንቺ ነሽ? እኔ ሚካል ነኝ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እግሬ...» አልኳት፣ ፎጣውን እያጠበቅኩ።

«እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ አላየውም። ሌሎቹም አይተው አይተው ይሰለቻቸዋል። በይ ነይ፣ እኔንም ወደ በሩ ምሪኝ።»

ክንዴን ያዘች። በክራንቼ እየተሳብኩ፣ እሷን እያስከተልኩ ወጣሁ። እርጥቡ ንጣፍ ላይ ክራንቼ እየተንሸራተተ ልቤን አጠፋው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ኦርና ክራንቼን ተቀብላ ግድግዳው ሥር ስታጋድመው መመለሻዬ የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ ደግፋ ወደ ውሃው አወረደችኝ።

ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቀጥ አደረገው። ኦርና በጀርባዬ አስተኛችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጎትተው የኖርኩት እግር ብቻውን ተነሥቶ ከቀኙ እኩል ተንሳፈፈ። ሳቅ አመለጠኝ። እናቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ «ምን ሆነች? ምን ሆነች?» ትላለች። «ምንም አልሆንኩም!» ልላት ፊቴን ወደ እሷ ሳዞር ውሃ በአፍንጫዬ ገባ፤ ደንግጬ ተንፈራገጥኩና ከኦርና እጅ አመለጥኩ።

ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ከላዬ ብርሃን ሲሰባበር አያለሁ፤ ወደየት እንደምሄድ ግን አላውቅም። ወዲያው የኦርና እጅ ብብቴ ሥር ገብቶ አወጣኝ። እያሳለኝ መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸት የእኔ አልነበረም።

«አለሚቱ! አለሚቱ!»

እናቴ ከነቀሚሷ፣ ከነጫማዋ በደረጃው ወርዳ ገብታለች። ውሃው ደረቷ ሲደርስ ደርቃ ቀረች፤ ወደፊትም ወደኋላም አትልም። ቀሚሷ በዙሪያዋ ተነፍቷል። የገንዳው ጠባቂ ፊሽካ እየነፋች «በልብስ አይቻልም! ውጪ!» ትላለች። ኦርና ልትይዛት ስትጠጋ እናቴ በአማርኛ «አትንኪኝ!» አለች። ዓይኗ እኔ ላይ ተተክሏል።

ኦርና ባለችበት ቆመች። እጄን ከገንዳው ዳር ብረት ላይ አኑራ «የምትፈልገው አንቺን ነው። ብረቱን ይዘሽ ሂጂላት» አለችኝ።

ሄድኩ። ብረቱን እጅ በእጅ እየቀያየርኩ፣ ገና ሳሉ ሳይለቀኝ ሄድኩ። እንዳልደርስባት፣ ደርሼም አብረን እንዳንሰጥም ፈራሁ። ስደርስ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ብርቄ ነኝ።»

«መሬቱ የለም።»

«አለ። ቆመሽበታል እኮ። እኔም ቆሜያለሁ።»

በአንድ እጄ ብረቱን፣ በሌላው እሷን ይዤ ቀስ እያልን ወደ ደረጃው ተጠጋን። የሕንፃችንን ደረጃ አዝላ ስታወጣኝ የኖረች እናቴ ውሃው ውስጥ እንደ ላባ ቀላል ነበረች። ደረጃው ላይ እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ እንዳለን ተቀመጥን፤ እሷም አለቀሰች። ለእኔ ብቻ የሚለቀስ ለቅሶ አልነበረም።

ከማዶ ሚካል «ማን ነው የሚያለቅሰው?» ስትል ሰማሁ።

«የያፋ እናት። ከነልብሷ ገብታ ነው» አለቻት አንዷ።

«ከነልብሷ? እኔን እንድገባ ስንት ጊዜ ነው የለመናችሁኝ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። መጀመሪያ ተኮሳተረች፤ ቀጥሎ የከንፈሯ ዳር ፈገግ አለ።

ጠባቂዋ ግን አልሳቀችም። እንዲህ ከሆነ ዳግመኛ እንዳንመጣ ነገረችን። አውቶቡስ ላይ እናቴ ከቀሚሷ ውሃ እየተንጠባጠበ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ስታይ ነበር። ነገሩ በዚሁ አበቃ ብዬ ሳምንቱን በሙሉ አንገቴን ደፍቼ ሰነበትኩ። እንዳላነሣው «አይሆንም» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ፤ እንዳልተወው ደግሞ የተንሳፈፈው እግሬ ትዝ ይለኛል።

እሑድ ልብስ ስታሰጣ፣ ፊቷን ሳታዞር «ያቺን አስተማሪሽን፣ ለእኔ የሚሆን ረጅም የዋና ልብስ ታገኝልኝ እንደሆን ጠይቂያት» አለችኝ።

ኦርና ጠባቂዋን አነጋግራ አስማማች። በዚያ በጋና በሚቀጥለው እናቴ ሰኞ ሰኞ ጥልቀት በሌለው በኩል ብረቱን ይዛ ትቆማለች። ዋና አልተማረችም። እኔ ግን ከእሷ ተነሥቼ ማዶ ደርሼ መመለስ ተማርኩ። በየሳምንቱ ስመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነው የሚጠብቀኝ።

አሁንም እዋኛለሁ። እናቴ አርጅታለች፤ ፍርሃቷ ግን አላረጀም። ገንዳ በምሄድበት ቀን ትደውልና «ገባሽ?» ትላለች፤ ቆይታ ደግሞ «ወጣሽ?» ትላለች። ወንድሞቼ «በዚህ ዕድሜሽ እንዴት? ተዪኝ በያት» ይሉኛል። እኔን ግን ይህ ፍርሃት አስከፍቶኝ አያውቅም። «ይከብድሻል» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ ብለውም ወደ ጉዳያቸው ሄደዋል። እናቴ ከሁሉም በላይ ፈርታለች፤ እየፈራች ነው የለቀቀችኝ።