ለባዩ፣ ጨረቃ በተደበቀችበት ሰሞን

ዛሬ አቤቱታ አለኝ። እዚህ ፒዮሪያ ስትሪት፣ የምንኖርበት አፓርትመንት ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ታክሲውን አጋድሞ ሁለት ቦታ ይዞ ፓርክ አድርጎ ጠፍቷል። አንዱ ቦታ የኔ ነው። ማነው ብትሉ ጎረቤቴ ባዩ።

ጠዋት ስድቤን አዘጋጅቼ ደወልኩለት። ያነሳችው የሆስፒታል ሀበሻ ነርስ ናት።

«አባባ፣ ለአቶ ባዩ ምናቸው ነዎት?»

«የሚሰድበው ሰው ነኝ። አቅርቢልኝ።»

 ንጋት ላይ ማረፉን ነገረችኝ። ልቡ ነው አለች። «ሌላ ባዩ ይሆናል» አልኳት። በራሱ ስልክ እያወራኋት እኮ ነው! አምቡላንስ መጥቶ ሲወስደው እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ተኝቼ ነበር። አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ ባዩ የጎንደር ቤተ እስራኤል ነው። በእስራኤል በኩል ዞሮ ዴንቨር የገባ፣ ወሩን በጨረቃ የሚቆጥር ሰው። አዲሷ ጨረቃ ጠንከር ስትል፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ፓርኪንጉ ላይ ይቆምና ፈጣሪውን ያመሰግናል። ከዚያ አጠገቡ ላለ ሰው ሦስቴ «ሻሎም አሌኼም»፣ ሰላም ለእናንተ እንደማለት፣ ይላል። መላሽ ያስፈልገዋል። መላሹ እኔ ጴንጤው ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን መልሱን ስለማላውቅ፣ ከሃቫና ስትሪቱ ሙስሊም ባለሱቅ ጓደኛዬ የለመድኩትን «ወአለይኩም ሰላም» አልኩት።

«ግድ የለም፣ ብዙ አልራቅህም» አለኝ፣ ሳቁ እያፈነው።

አንዴ ደግሞ በደመናማ ማታ «ጨረቃ ወጣች!» ብዬ አስሮጥኩት። ያሳየሁት ማዶ ያለውን የጎማ ቤት ክብ መብራት ነው። ትኩር ብሎ አየና «ይቺኛዋ እንኳን ጎማ የምትሸጠዋ ናት» ብሎኝ ገባ።

ለምን በጨረቃ ትቆጥራለህ ብዬ ስነዘንዘው «ፀሐይ አትጎድልም፤ እኛ ግን እንጎድላለን። በጨረቃ የሚቆጥር ሰው ሲጎድል አይደነግጥም» ይለኝ ነበር። ወሩ አልቆ ሰማዩ ባዶ ሲሆን «ጠፋች» ካልኩ ይቆጣል። «ጠፋች አትበል፤ ተደበቀች በል!»

ይኸው የተደበቀችበት ሰሞን ላይ ነን። እኔ ግን ደንግጫለሁ። ቀልዴ አልቋል። ፈርቻለሁ።

ነገ ዓርብ ሲመሽ ሰንበት ይገባል። ከዚያ በፊት መቀበር አለበት። «ስሞት ቶሎ ቅበሩኝ፤ እንደዚህ አገር ሰው አስከሬኔን እሳት እንዳታስነኩ» ይል ነበር። ዘመዶቹ ያሉት እስራኤል ነው፤ ነርሷ ብትደውል ብትደውል የሚያነሳ አጣች። እኔ ደግሞ ጎረቤት ብቻ ስለሆንኩ አስከሬኑን አይሰጡኝም። ዘመድ ያልመጣለትን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ልጠይቃት ብዬ ፈራሁና ስልኩን ዘጋሁ። የሚሄድበትን ምኩራብ የምታውቁ ካላችሁ፣ በእናታችሁ ደውሉልኝ።

ባዩ፣ ወንድሜ፣ የምፈራው ሰው እንደሌለው ሰው እንዳትሆንብኝ ነው። ጸሎታችሁን አላውቀው፣ ወጉን አላውቀው፣ እንዴት አድርጌ...

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ።

በቀዳዳው አየሁ። ጢሙ የረዘመ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው፤ ስምህን እየጠራ ነው። ከምኩራብህ እንደመጣ፣ ሆስፒታሉ ደውሎ ስለ እኔም እንደነገራቸው፣ ሊቀብሩህም እንደሆነ በበሩ በኩል ይነግረኛል። የሚያውቅህ ሰው አብሯቸው እንዲቆም ይፈልጋሉ።

 ልክፈትለት። ደህና ሁን ወንድሜ፤ ብቻህን አትወርድም።