ከአባያ ዳር እስከ ጨንቻ በእግር

ከጨንቻ ቆላ ወዳለው ከተማችን ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ነጋዴ እግሯ ሥር የወሸቀችው የአፕል ጆንያ ሽታ አፍኖኝ መስኮቱን ገርበብ ባደርገው፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ «ዝጊው እንጂ፣ ብርድ ያስመታናል» አለኝ። ዘጋሁት። በዚያ ሽታ ውስጥ ታፍኜ ስወርድ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ይህ ለተማሪዎቹ በረከት ቢሆንም ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለአስቴር መከራ ነበር። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ጨንቻ ወዳለችው አክስታችን የሚወስደን፣ መኪና ጠፍቶ ሳይሆን «አገር በጎማ አይታወቅም» ብሎ፣ ከተራራው ግርጌ ጀምሮ በእግር ነው። ሙዙና ማንጎው ሲያልቅ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በላይ ቀርከሃው፣ ቀርከሃው ውስጥ ደግሞ ጉሙ ይቀበለናል፤ የቆላው ላባችን ሳይደርቅ ጥርሳችን ይንገጫገጫል። እሱ ግን በየጥምዝምዙ እያቆመን፣ ቀላ ያለው አባያ፣ ሰማያዊው ጫሞ፣ መካከላቸው ያለው ጉብታ የእግዜር ድልድይ መሆኑን ስንት ጊዜ የነገረንን እንደ አዲስ ያስረዳናል። ሐይቆቹን አይተን ጠግበናል፤ ያላየነው ምሳ ነው።

አንድ ክረምት ዝናብ መንገድ ላይ ያዘን። አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ሾፌሩ «መምህር፣ ልጆቹን እንኳ ላሳፍርልዎት» ቢለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደርሰናል» አለው። አልደረስንም። አክስቴ ቤት ስንገባ አስቴር በትኩሳት ትቃዥ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የወለድከው ልጅ ነው ካርታ?» አለችው አክስቴ።

አስቴር ሆስፒታል ሰንብታ ዳነች። አባቴ አልጋዋ አጠገብ ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ ተቀምጦ ሳለ ንዴቴን መዋጥ አቃተኝና፣ «ሁለተኛ ካንተ ጋር የትም አልሄድም» አልኩት።

«እሺ» አለ።

እንዲከራከረኝ ነበር የፈለግሁት። ከዚያ ወዲህ ወደ ጨንቻ የምንወጣው በመኪና ሆነ፤ እሱም ጭልጥ ብሎ ይተኛል፣ ወይም የተኛ ይመስላል። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት «ትንሽ እንኳ በእግር ብንወጣ» አለኝ። ስብሰባ አለብኝ አልኩት። ስብሰባው ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም፤ እሱ ከሞተ ግን አራት ዓመት ሆነው።

ባለፈው ሳምንት ከደሴ መጥታ መሥሪያ ቤታችን የተቀጠረች ልጅ፣ ከተራራው የሚወርደውን ውሃ እያሳየች፣ «እትዬ፣ ያ ወንዝ ማን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የመምህሩ ልጅ፣ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁት፣ ትንሽ አሰብኩና «ወንዝ ነው» አልኳት።