በአንድ መስመር ያሳጠርኩት መመሪያ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የላኩኝ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ወዳለ የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ነበር። በእጄ አሥራ ሁለት ገጽ መመሪያና የፊርማ ቅጽ ይዣለሁ። ስለ አባላዘር በሽታ ምርመራ የወጣውን ላነብላቸው ጉሮሮዬን ስጠርግ አንዷ ነርስ፣ "ሚስት አለህ?" አለችኝ።

"የለኝም።"

"እንግዲያው ወረቀቱን ለኛ ስጥና አንተ ቁጭ ብለህ ተማር።"

በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አንድ መስመር ሳላነብ አስፈርሜ ተመለስኩ።

ነርስ አይደለሁም፤ የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። አጋሮ፣ ሰርቦና በጅማ ዙሪያ ያሉ ሌሎች የቡና ከተሞች እየዞርኩ ለክሊኒክ ሠራተኞች አዲስ መመሪያ አነባለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ ጥያቄያቸውን ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልወድ ሥራው ተስማማኝ።

ችግሩ ጊዜ ነው። በቡና ወቅት ሴቶቹ ከለቀማ መጋዘን ሲወጡ ባንዴ ይመጣሉ። ነርሷ መርፌዋን ይዛ፣ "አንብብ፣ ጆሮዬ ካንተ ጋር ነው" ትለኛለች። እንዳልሆነ ግን አያለሁ። ስለዚህ መመሪያውን አሳጥሬ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ግጥም እሞካክር ስለነበር ቃል መቁረጥ አይከብደኝም።

ወደዱልኝ። አጋሮ ያለ አንድ ጤና መኮንን፣ "ያንተን ነው የምናነበው፣ ሌላው የአይጥ ቀለብ ነው" አለኝ። አለቃዬ አቶ ግርማ መጀመሪያ ከዋናው ጋር እያስተያዩ ያርሙኝ ነበር። ኋላ ላይ ሥራቸው ማኅተም መምታት ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት ክንድ ውስጥ ስለሚቀበረው የእርግዝና መከላከያ መመሪያ መጣ። አንዱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት መከላከያውን ስለሚያዳክም፣ ይህን የምትወስድ ሴት ሌላ ዘዴ እንድትጠቀም ይነገራት። ያ የመድኃኒት ስም መስመሬን አበላሸብኝ። ሰረዝኩትና፣ "ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ስትመጣ በጥንቃቄ ተመልከቷት" ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ደስ አለኝ።

ሰርቦ ሲስተር ዘይነባ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ፣ ወረቀት ሳያነቡ የማይፈርሙ ሴት ናቸው። ጉርባ ይሉኛል፣ ልጁ ማለታቸው ነው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ "የትኛው መድኃኒት ነው፣ ጉርባ?" አሉኝ።

ስሙ ጠፍቶብኝ ነበር። ዋናው መመሪያ ጅማ ቀርቷል። "ያው ብዙ ዓይነት ነው ሲስተር" አልኳቸው። ፈረሙ። ወረቀቱንም ራሳቸው ከጠረጴዛቸው በላይ ለጠፉት።

ከአንድ ዓመት በኋላ ስልክ ደወሉልኝ። "ና" ብቻ ነው ያሉት።

ስደርስ ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጫልቱ የምትባል ቡና ለቃሚ እንደሞተች ነገሩኝ። የአራት ልጆች እናት ነበረች። አራተኛውን ስትወልድ ደም ፈስሷት ለጥቂት ስለተረፈች ዳግም እንዳታረግዝ ተነግሯታል። መከላከያውን ክንዷ ውስጥ የቀበሩላት ሲስተር ዘይነባ ናቸው። ኋላ ቲቢ ያዛት።

"መጥታ ጠይቃኛለች ወላሂ" አሉ። "'ሲስተር፣ የቲቢ ኪኒን ጀምሬያለሁ፣ ችግር አለው?' አለችኝ። ወረቀትህን አየሁ። በጥንቃቄ ተመልከቷት ይላል። ተመለከትኳት። የደም ግፊቷን ለካሁ፣ መዘንኳት፣ ክንዷን ዳሰስኩ። ደህና ነሽ ብዬ ሸኘኋት።"

ጫልቱ አረገዘች። ሰባተኛ ወሯ ላይ ደም ፈሰሳት፤ ወደ ጅማ ሲወስዷት መንገድ ላይ አለፈች። ሲስተር የመድኃኒቱን ስም የሰሙት ከዚያ በኋላ፣ ከሌላ ሐኪም ነው።

"ለቅሶ ልንሄድ ነው" አሉኝ። "አንተም ትመጣለህ።"

ባልየው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሲስተርን ሲያይ ተነስቶ እጃቸውን ሳመ። ስለ ልፋትዎ አላህ ይስጥልን አላቸው። ከዚያ ዝግ ብሎ፣ "ያ ክንዷ ውስጥ የነበረው ግን የተበላሸ ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

"አልተበላሸም" አሉ ሲስተር። "የቲቢው መድኃኒት ያዳክመዋል። እኔ አላወቅሁም ነበር። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

ስሜን አልጠሩም። ሰዉ ሁሉ እሳቸውን ያይ ነበር። ዝም ብዬ ብቀመጥ ማንም አያውቅም ነበር።

"ሲስተር የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር" አልኩት ባልየውን። "ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመድኃኒቱ ስም ነበረ። ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"ለምን?" አለኝ።

"እንዲያጥር ብዬ።"

አልጮኸም። ወደ ድንኳኑ ጥግ ዞሮ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠችውን ወጣት ሴት አሳየን። "የጫልቱ እህት ናት" አለ። "አብረው ነው የሚኖሩት። እሷም የቲቢውን ኪኒን ጀምራለች። ክንዷ ውስጥም ያው መከላከያ አለ። ለሷ ንገሯት እንግዲህ።"

ሲስተር ዘይነባ እዚያው ለቅሶው መሃል አጠገቧ ተቀመጡና በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ የመድኃኒቱን ስም ሦስት ጊዜ ነገሯት። በማግስቱ ክሊኒክ ስትመጣ ወደ ሦስት ወሩ መርፌ ቀየሩላት።

እኔ ጅማ ተመልሼ ለአቶ ግርማ የሆነውን ጻፍኩ። በየክሊኒኩ ዞሬ የለጠፍኩትን ገጽ በእጄ አነሳሁ፣ ሙሉውን አንቀጽ ተካሁ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሲስተር ከዚያ በኋላ ጉርባ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም፤ የአባቴን ስም ጨምረው ነው የሚጠሩኝ።

በዚህ ሥራ ለምትተኩኝ የምላችሁ ይህን ነው። ለጤና ባለሙያ ስትጽፉ የመድኃኒቱን ስም ጻፉ፣ ምን እንደሚደረግም ጻፉ። ገጹ ካልበቃ ሁለተኛ ገጽ ጨምሩ።