ጀዊሪያና የቁስቋም ቁራዎች

ጀዊሪያ ሸፊ አዲስ አበባ፣ ጳውሎስ አካባቢ ከአባቷ የወረሰችው ፎቶ ቤት ነበራት። በደርግ ጊዜ ሥራው በአብዛኛው ጉርድ ፎቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ "ቀና በል፣ አትንቀሳቀስ" ስትል ትከርምና እሑድ ሱቋን ዘግታ፣ ትንሿን ካሜራ በሻርፗ ሸፍና ወደ ቁስቋም ጫካ ትወጣለች። እዚያ የምታነሳው ወፍ ነው።

በ1971 ጥር ላይ አንድ ትልቅ ጥድ ላይ ጎጆ የሠሩ ሁለት ቁራዎች አገኘች። ሰው ቁራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ እሷ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣ ታያቸዋለች። ወንዱ የከብት እበት በወፍራም ምንቃሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ትል ይለቅማል። ከዚያ በርሮ እንቁላል የታቀፈችውን ሴቷን ያጎርሳታል። ጀዊሪያ ይህን ማጉረስ ለማንሳት እሑድ በእሑድ ተመላለሰች። እስኪለምዷት ድረስ ገና ስትነቃነቅ ይጮሁባት ነበር። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ወንዱ ፊት ለፊቷ አጎረሰ፤ አነሳችው።

ደስ ብሏት ስትወርድ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ቶለሳ አስቆማት።

"ምን ስታነሺ ነበር?"

"ቁራ።"

"ማን ልኮሽ?"

"ማንም አልላከኝም። ፊልሙን ልጠበውና ራስህ ታያለህ።"

ቶለሳ ካሜራውን ነጥቆ ክዳኑን ከፈተ። ያልታጠበውን ፊልም መዞ ፀሐይ ላይ ዘረጋው።

"የታለ ቁራው?" አላት።

"አቃጠልከው! አንተ ደደብ፣ አቃጠልከው እኮ!" ብላ ጮኸችበት።

እየጎተተ ቀበሌ ወሰዳት። ሊቀመንበሩ ገበየሁ ካሜራውን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

"ሕዝብ ስብሰባ ላይ ሆኖ አንቺ ጫካ ትዞሪያለሽ" አላት። "ለወፍ ብሎ ካሜራ የሚሸከም ሰው አይቼ አላውቅም።"

"እርስዎ ያላዩት ነገር ሁሉ ወንጀል ነው?"

እዚያው አሳደሯት። ጠዋት ሲለቋት ካሜራውን ከለከሏት። እየተመላለሰች ብትጠይቅም ሰሚ አጣች። ጎረቤቷ ረሂማ ፈርታ ለመነቻት።

"ተይ እባክሽ፤ ሰው በሚጠፋበት ዘመን ለካሜራ ብለሽ!"

"ሁሉም ዝም ስላለ አይደል የሚጠፋው?" አለች ጀዊሪያ። "እኔ ዝም አልልም።"

ሚያዝያ ሲገባ ገበየሁ ለሠራተኞች ቀን የቀበሌው አዳራሽ የሚሰቀል የራሱን ትልቅ ፎቶ ፈልጎ ራሱ ፎቶ ቤቷ መጣ።

"መጀመሪያ ካሜራዬ ይመለስ" አለችው።

ፎከረ፣ ዛተ። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ ቆመች። በዓሉ ደርሶበት ስለነበር ቶለሳን ልኮ ካሜራዋን አስመጣላት። ያኔ በሱቁ ትልቅ ካሜራ አነሳችው።

የዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺ የፊትን ጉድለት ፊልሙ ላይ በእርሳስ ያስተካክላል። ጀዊሪያ የገበየሁን ፊት አልነካችውም። የፈንጣጣ ጠባሳውም፣ ያበጡት ዓይኖቹም እንዳሉ ወጡ። ገበየሁ ፎቶውን አይቶ ደነገጠ።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"አንተው ነህ" አለችው፣ እርስዎ ማለቱን ትታ። "ምንም አልጨመርኩብህም።"

ምን ያመጣብኝ ይሆን ብላ ጠበቀች። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ፤ አዳራሹም ላይ አልተሰቀለም።

በማግስቱ ካሜራዋን ይዛ ቁስቋም ወጣች። እንቁላሎቹ ተፈልፍለው ጫጩቶቹም አድገው በርረው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ቁራ አነሳች፤ ያንን ማጉረስ ግን ደግማ አላገኘችውም። ዛሬም የቶለሳ ስም ሲነሳባት የያዘችውን ታስቀምጥና ትቆጣለች።