ልጄ ከሞላሌ የላከችው ኮንቴይነር

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልጨመርኩም። ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ነው ብል ጎረቤት ይስቅብኛል። ይሳቅ። ያን ቀን ልረሳው አልችልምና እጽፈዋለሁ።

ያኔ መብራቱም ኔትወርኩም እኛ አገር መንዝ፣ ሞላሌ ገብቶ ነበር፤ የአሁኑ መንግሥት ግን ገና አልመጣም። ባለቤቴ ታማ ተኝታለች። ልጃችን አዲስ አበባ ለመድኃኒት መጋዘኖች ፕሮግራም ትሠራ ነበርና ላፕቶፗን ይዛ ልታስታምም መጣች። አለቃዋ ቁርጡን ነገራት፦ አዲሱን ሥራ ሳይመሽ ከዚያው ከላክሽ ቆዪ፤ ካልሆነ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ነይ። እናቷ ይህን ሰምታ ዓይኗን ከልጅቷ አልነቀለችም።

«ምንድን ነው የምትልኪው?» አልኳት።

«ኮንቴይነር ነው አባዬ።»

«ያ ሱቅ የሚከፍቱበት ቆርቆሮ? በምን አህያ?»

ሳቀች። «ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አንድ ላይ አሽገዋለሁ። የታሸገው ኢሜጅ ይባላል። እዚያ አዲስ አበባ ባለው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ሲያስነሱት ኮንቴይነር ሆኖ ይሠራል፤ ይህ ጎደለኝ፣ ያን ስጡኝ አይልም።»

«እንግዲያማ ከወንድምሽ ይሻላል።»

ሶኬቱ ከእናቷ ራስጌ ነው። ላፕቶፑን እዚያው መደቡ ላይ ትታ፣ ማሸጉን አስጀምራ፣ ስልክ ወደሚሰማበት ወደ አጥሩ ወጣች። እኔም በጎቼን ላስገባ ሄድኩ።

ስንመለስ ላፕቶፑ የለም። ባለቤቴ ምንም ሳትደርብ ኩርምት ብላለች፤ የበግ ጠጉር ባናዋ ላፕቶፑን እስካናቱ ሸፍኖታል።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ሲያለከልክ ሰማሁታ! ብርድ የመታው መስሎኝ።»

የመንዝ ሰው የሚያቃስት ነገር ሲሰማ ከማልበስ ሌላ ምን ያውቃል? ያለከለከው ለካ ማቀዝቀዣው ነው፤ ታፍኖ ላፕቶፑ እንደ ምድጃ ግሎ ጠፍቷል። ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው።

ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። «በገዛ እጄ ሰደድኩሽ በይኛ!»

ልጄ ባናውን ለእናቷ መልሳ ላፕቶፑን ደጅ ነፋስ አስመታችው። ሲበርድ አስነሳችው።

«ከሥሩ ልትጀምሪ ነው?»

«የለም አባዬ፣ ኢሜጁ በንብርብር ነው የሚሠራው። ያለቀው ተቀምጧል፤ የተቋረጠውን ብቻ ነው የምደግመው።»

«እናትሽን ለማጽናናት ነው ይህን የምትይው። የኔ ካብ ሲናድ አንዱ ድንጋይ ሌላውን ይዞ ይወርዳል።»

«እንግዲያ ይመልከቱ» ብላ ወደኔ አዞረችው። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፣ ግን ያለቀውን እየዘለለ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁ። እዚያው አስነስታ ሞከረችው፤ ሠራ። ከዚያ አጥሩ ሥር ቆማ መላክ ያዘች። ኢንተርኔቱ ሲንፏቀቅ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ «አባዬ፣ ይቀመጡ እንጂ!» ትለኛለች። አልቀመጥም!

ጀምበር ስትጠልቅ አለቃዋ ደወለ። ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ ተነስቷል፤ ቆዪ አላት።

«እማዬ፣ አልሄድም» አለቻት ገብታ።

ባለቤቴ ቀና ብላ፣ «አጥሚት አለ?» አለች። ከታመመች ወዲህ ምግብ በአፏ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ልጄ እስከ ጥምቀት ከረመች። ዛሬ ባለቤቴ በሕይወት የለችም። ያን ሰሞን ግን እናትና ልጅ ሲሳሳቁ ከውጭ እሰማና፣ ወሬያቸውን እንዳላቋርጥ ብዬ ብርዱ ላይ ቆሜ እቀር ነበር።